47 ቀን የነገሠው ኸሊፋ፦ ጊዜ ቢያገኝ ኮርዶባን ያድን ነበር?

ሰላም ለሁላችሁ። የአል-አንዳሉስን፣ ማለት ሙስሊሞች ይገዙት የነበረውን የስፔን ምድር፣ ታሪክ የሚወድ ሰው እዚህ እንደማይጠፋ ስለማውቅ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

ሰውዬው አብዱራህማን አምስተኛ ይባላል። የኸሊፋነት ስሙ አል-ሙስታዝሂር ነው። ዲሴምበር 2 ቀን 1023 በኮርዶባ ታላቁ መስጊድ ኸሊፋ ተባለ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1024 ተገደለ። ዕድሜው ገና 22 አካባቢ ነበር።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ ከኋላ ልጀምር። አብዱራህማን ሦስተኛ በ929 ራሱን ኸሊፋ ብሎ ሲያውጅ ኮርዶባ በምዕራብ አውሮፓ ምድር አቻ የማይገኝላት ከተማ ነበረች። በ976 የልጅ ልጁ ሂሻም ሁለተኛ ገና በልጅነቱ ዙፋን ላይ ተቀመጠ። ሥልጣኑን ግን አል-መንሱር የሚባለው ሹም ጠቅልሎ ያዘው። አል-መንሱር በ1002 ሲሞት ሁለት ልጆቹ ተከታትለው ገዙ። ታናሽየው ሳንቹዌሎ በ1008 ሂሻምን አስገድዶ አልጋ ወራሽ ልሁን አለ። ይህ ለኮርዶባ ሰው አልዋጥ አለው። በ1009 ከተማው ተነሣ፣ ሳንቹዌሎም ተገደለ። ከዚያ በኋላ 22 ዓመት ሙሉ እርስ በርስ መተላለቅ ሆነ። ፊትና የሚባለው ይህ ነው።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ ከወጡት ኸሊፋዎች ይህ ልጅ ይሻል ነበር። የተማረ ነው። ጥሩ ገጣሚ ነው። ኢብን ሐዝምን የመሰለ ትልቅ ጸሐፊ ወዚር (ሚኒስትር) አድርጎ ሾሟል። ጊዜ ቢሰጠው ኮርዶባን ያቆማት ነበር እላለሁ። እናንተስ?

---

ይህን ስጽፍ ሦስት አራት ሰው ቢመልስ ነው ብዬ ነበር። ክሩ እሳት ሆነ። መሀል ላይ የሚገባ ሰው ደግሞ የተባለውን መልሶ እየጠየቀ ስላስቸገረ፣ አወያያችን የእስካሁኑን ሰብሰብ አድርጌ እንዳስቀምጥ ጠየቀኝ። የማንንም ቃል አልገለብጥም፣ በራሴ አነጋገር ነው የምነግራችሁ። «ቁጥር» የምለው የመልሱን ተራ ነው፣ መላሹንም በዚያው እጠራዋለሁ። የራሴንም ነገር ጣል ጣል አደርጋለሁ፣ ቻሉኝ።

ቁጥር 1 አመስግኖኝ ሲያበቃ ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው ወይስ በፈረንጅ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 2 ቀደመኝና ሁሉም እ.ኤ.አ. እንደሆኑ፣ በኛ 1016 ዓ.ም. እንደሚሆን ነገረው።

ቁጥር 3 ዱባይ የሚኖር ወንድማችን ነው። 47 የሚለውን ቁጥር ሳያጣራ ማለፍ አልፈለገም። በሂጅራ የነገሠው ረመዳን 16 ቀን 414 ነው፣ የተገደለው ዙልቃዕዳ 3። ከረመዳን 15 ቀን፣ ሸዋል 29 ቀን፣ ከዙልቃዕዳ 3 ቀን። ሲደመር 47። በፈረንጁም ቢቆጠር ያው ነው የሚመጣው። በዚህ ክር ውስጥ ማንም ያልተከራከረበት ብቸኛ ነገር ይህ ሂሳብ ነው።

ቁጥር 4 አብዱራህማንን መዲናት አል-ዘህራን የገነባው ሰው አድርጎ ረጅም አድናቆት ጻፈ። ቁጥር 5 በትሕትና አረመው። ያንን ቤተ መንግሥት በ936 ያስጀመረው ሦስተኛው አብዱራህማን ነው። አምስተኛው ሲነግሥ ያ ሁሉ እብነ በረድ ተዘርፎ ፍርስራሽ ሆኗል። ቁጥር 4 ተቀብሎ አመሰገነ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ጨዋ ነበርን።

ቁጥር 6 የሁላችንንም ቀልብ ሳበ። ልጁ እንዴት ዙፋን ላይ እንደወጣ ያወጋ እሱ ነው። በ1023 የኮርዶባ ሰዎች ዙፋኑን የነጠቁትን የሐሙዲዶቹን ቤት ኸሊፋ አል-ቃሲምን፣ ከሰሜን አፍሪካ ከመጡት በርበር ወታደሮቹ ጋር አባርረው፣ ከነባሩ የኸሊፋዎች ቤት ከኡመያ አንድ ሰው ለመምረጥ ተሰበሰቡ። ዕጩዎቹ ሦስት ነበሩ። ትልልቆቹ ሹማምንት ግን አስቀድመው በሱለይማን፣ በአል-ሙርተዳ ልጅ፣ ላይ ተስማምተው ጨርሰዋል። ጸሐፊው ኢብን ቡርድ የቃል ኪዳኑን ሰነድ በሱለይማን ስም ጽፎ ይዞ ነበር የመጣው። ሱለይማን ደመቅ ብሎ መስጊድ ገባና ቦታውን ያዘ። ወዲያው አብዱራህማን ሰይፍ የመዘዙ ሰዎችና የከተማውን ሠራተኛ አስከትሎ ገባ። የመስጊዱ ግቢ በጩኸት ተናወጠ። ሹማምንቱ አፋቸው ተያዘ፣ ማንም ለመቃወም አልደፈረም። ኢብን ቡርድም ከሰነዱ ላይ የሱለይማንን ስም ፍቆ አብዱራህማን ብሎ ጻፈበት።

እኔን የገረመኝ ሌላ ወረቀት አለማምጣቱ ነው። ጊዜም ያልነበረው ይመስላል።

ቁጥር 7 ታዲያ ይህ ምርጫ ሳይሆን ግልጽ መፈንቅለ መንግሥት ነው፣ እኔም ልጁን ቅዱስ አስመስዬ ማቅረቤ አግባብ አይደለም አለ። ቁጥር 8 በዚያ ዘመን ያለ ሰይፍ የተመረጠ ካለ ይጠራልኝ ብሎ መለሰለት። የሱለይማን ሰዎችም ቢሆኑ ውሳኔያቸውን ጓዳ ውስጥ ጨርሰው ነው መስጊድ የመጡት፣ በጉባኤ ስም የተሠራ ድራማ ነው አለ። እውነቱን ነው።

ቁጥር 9 ላይ ሙቀቱ ጨመረ። ጥያቄዬን የልጅ ጥያቄ አለው። ግጥም ወታደር አይቀልብም፣ ኢብን ሐዝምን መሾም ካዝና አይሞላም፣ ለወታደር የሚከፍለው የሌለው ሰው ኸሊፋ ሳይሆን እንግዳ ነው ብሎ ጻፈ። አነጋገሩ ቆጣ ያለ ቢሆንም ፍሬ አለው። ቁጥር 10 ደግሞ ካርታውን ዘረጋው። በ1023 ለኮርዶባ ግብር የሚልክ አገር የለም ማለት ይቻላል። ሴቪያን በዚያው ዓመት ቃዲው ኢብን ዐባድ ይዟታል። ግራናዳ የዚሪዎች ናት። ሳራጎሳ የቱጂቢዶች ናት። ኸሊፋው የሚያዝዘው ከተማዋንና ዙሪያዋን ብቻ ነው፣ እሷም በከበባና በዝርፊያ ደቃለች።

ቁጥር 11 እኔ ነኝ። እሺ፣ እናንተ በሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር አልኩ። ለዚህ መልስ ለማግኘት እስከ ቁጥር 35 ጠበቅሁ።

ቁጥር 12 ወሬውን ወደ ፍቅር ወሰደው። ልጁ ሐቢባ የምትባል የአጎቱን ቤት ልጅ ይወድ ነበር። የቀድሞው ኸሊፋ የሱለይማን አል-ሙስተዒን ልጅ ናት፣ ይህ ከዕጩው ሱለይማን ሌላ ሰው ነው። እናትየው እምቢ አለች። እሱም በግጥም ብሶቱን ተናገረ፣ ግጥሙም እስከ ዛሬ አለ። ቁጥር 13 እህታችን ነች፣ ይህን እንደ ተራ የፍቅር ታሪክ እንዳናየው አስጠነቀቀች። የልጁ ወንድም ማን ነበር? በ1009 አመፁን የመራው ሙሐመድ አል-መህዲ ነው። የልጅቷ አባትስ? ያንን አል-መህዲን ከዙፋን የገለበጠው ሱለይማን ነው። እንግዲህ እናትየዋ ልጄን ለባሌ ጠላት ወንድም አልሰጥም ብትል ምን ያስደንቃል? ቁጥር 14 ቀልደኛ ነው። ሴትየዋ አርቃ ያየች ናት፣ ልጇ ጫጉላዋን ሳትጨርስ መበለት ትሆን ነበር ብሎ አለፈ።

ቁጥር 15 ከሁሉም ያሳዘነኝን ነገር አመጣ። አብዱራህማን እንደነገሠ የዕጩውን የሱለይማንን ደጋፊ ባላባቶች አስሯል። ከነሱ አንዱ ኢብን ዒምራን ነው። በኋላ ኸሊፋው ሊፈታው ሲል አንድ መካሪ ይህ ሰው ከእስር ቤት አንድ እርምጃ ከወጣ ከዕድሜህ አንድ ዓመት ይቀነሳል ብሎ አስጠነቀቀው። ኸሊፋው አልሰማም፣ ፈታው። ኢብን ዒምራን ወጥቶ ከአድመኞቹ ጋር ተቀላቀለ። ከመካሪው ትንቢት የሳተው ልኩ ብቻ ነው፣ ልጁ አንድ ዓመት የሚቀነስለት ዕድሜም አልነበረውም።

ከቁጥር 16 እስከ 20 ያለውን በጥንቃቄ ነው የማልፈው፣ ግማሹ ተሰርዟልና። የተነሣው በርበሮቹ ላይ ነው። ኸሊፋው የሚታመን ጦር ስላልነበረው፣ አገልግሎታቸውን ሊያቀርቡ የመጡ በርበር ፈረሰኞችን ተቀበለ። ከተማው ያበደው ይህን ሲሰማ ነው። ቁጥር 16 ልጁ የጨረሰው ራሱን በራሱ ነው፣ አገር ያጠፋ ባዕድ በር ከፍቶ አስገባ አለ። ቁጥር 17 ተቆጥቶ መለሰ። የትኛው ባዕድ? በ711 ባሕሩን ተሻግሮ የመጣው ታሪቅ ኢብን ዚያድ ራሱ በርበር ነው፣ ከዚያ ወዲህ 300 ዓመት አልፏል። በኋላ የመጡትንም በደመወዝ ያስመጣቸው አል-መንሱር ነው። አንድን ሕዝብ በጅምላ ባዕድ ማለት የታወቀ በሽታ ነው ብሎ ጨመረበት። ማንን ለመንካት እንደፈለገ ሁላችንም ገብቶናል።

ቁጥር 18 ነገሩን ወደ ቦታው ሊመልሰው ሞከረ። የኮርዶባ ሰው ጥላቻ ከሰማይ አልወረደም አለ። ከተማዋ ከ1010 ጀምሮ ተከብባ ተራበች፣ በሜይ 1013 በርበሮቹ ገብተው ዘረፏት። የኢብን ሐዝም ቤተሰብ ቤት ሳይቀር ፈረሰ፣ እሱም በዚያው ዓመት ከተማውን ጥሎ ወጣ። ይህ በ1024 ገና የ11 ዓመት ቁስል ነው። ቁጥር 19 ግን ቁስሉን ከየት እንደሚቆጥሩት ጠየቀ። በ1009 በአል-መህዲ ጊዜ የኮርዶባ ሰው የበርበሮችን ቤት እየዞረ ሲዘርፍ፣ ሲገድል አልነበረም ወይ? ከ1013 ብቻ የሚጀምር ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው። እኔ ከነዚህ አራት መልሶች ይህን አስበልጣለሁ። ቁጥር 20 ግን ዘር ቆጥሮ ሰደበ። ቁጥር 21 አወያዩ ነው። ስድቡን ሰረዘ፣ ለሰውየውም የሳምንት ዕረፍት ሰጠው።

እዚህ ላይ የኔን ልበል። ዙፋን የፈለገ ሁሉ ጦር ከውጭ ነው ያመጣው። ሱለይማን አል-ሙስተዒን በ1009 በርበሮቹ ላይ የሰሜኑን ክርስቲያን ግዛት የካስቲያን መስፍን ሳንቾ ጋርሲያን ደርቦ መጣ። አል-መህዲ በ1010 ከባርሴሎናና ከኡርጌል ክርስቲያን መሳፍንት ጋር ተመለሰ፣ ለያንዳንዱ ወታደርም በቀን 2 ዲናር ይከፍል ነበር። ያለ ጦር ዙፋን አይጠበቅም። ጦሩን ያመጣን ደግሞ ከተማው አይምረውም። ልጁ የወደቀው በዚህ ወጥመድ ውስጥ ነው። ቁጥር 9 ካዝና ያለውን እቀበላለሁ፣ ግን ካዝናው ቢሞላስ ማንን ይቀጥርበታል?

ቁጥር 22 የመጨረሻዋን ቀን ጻፈ። ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱን ሰብሮ ገባ። እስረኞቹን ፈታ። በርበር የተባለ የተገኘበት ይገደል ጀመር፣ መስጊድ የገባም አልዳነም። ወዚሮቹ ኸሊፋውን ጥለው በየፊናቸው ጠፉ። እሱ በፈረስ ሊወጣ ሲሞክር የበሩ ጠባቂዎች እየሰደቡ መለሱት። ከፈረሱ ወረደ፣ ልብሱን አውልቆ በውስጥ ቀሚስ ብቻ ቀረ። ሮጦ የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ የሚሞቅበት ምድጃ ውስጥ ተደበቀ። አመፀኞቹ በዚያው ሰዓት የአጎቱን ቤት ልጅ ሙሐመድን ኸሊፋ አድርገው አስቀመጡ። ፈላጊዎቹ ልጁን ከምድጃው ጎትተው ሲያወጡት ቀሚሱ በጥላሸት ጠቁሮ ነበር። እንደዚያ ሆኖ አዲሱ ኸሊፋ ፊት አቀረቡት፣ እዚያው ተገደለ።

ቁጥር 23 አውሮፓ የምትኖር እህታችን ናት፣ ኮርዶባ ሄዳ አይታለች። የቤተ መንግሥቱ መታጠቢያ ዛሬ ሙዚየም ነው። ከመሬት በታች ስለሆነ በደረጃ ይወረዳል። ጣሪያው በኮከብ ቅርጽ የተበሳሳ ነው፣ ብርሃኑ በዚያ በኩል ቁልቁል ይገባል። ቀዝቃዛው፣ ለብ ያለውና ትኩሱ ክፍል ተከታትለው ይመጣሉ፣ ከመጨረሻው በስተጀርባ ማሞቂያው አለ። እዚያ ጋ ስትደርስ የማታውቀው ልጅ ትዝ አላትና ቶሎ ወጣች። ከሷ ጋር የነበሩት ጓደኞቿ ግን ምሳ ረፈደብን እያሉ ነበር የሚያጣድፏት።

ቁጥር 24 መታጠቢያ ለኮርዶባ ኸሊፋዎች ገዳም እንዳልሆናቸው አስታወሰ። ዐሊ ኢብን ሐሙድም በ1018 መታጠቢያ ውስጥ ነው የተገደለው፣ በርበሮቹ ናቸው የገደሉት አለ። ቁጥር 25 አረመው። ዐሊን የገደሉት የገዛ ቤተ መንግሥቱ ስላቭ አገልጋዮች ናቸው፣ በርበሮቹማ የሱ ወገን ነበሩ። ይህ ጠብ በርበሮቹ ባሉበት ሁሉ እንደሚከተለን ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ቁጥር 26 እና 27 ነገሩን ወደኛ ዘመነ መሳፍንት ወሰዱትና ስለ ተክለ ጊዮርጊስ ፍጻሜ መንግሥት ስድስት ጊዜ መንገሥ ማውራት ጀመሩ። አወያዩ የራሳችሁን ክር ክፈቱ አላቸው። ከፈቱ። ዛሬ ከኛ ይረዝማል።

ቁጥር 28 በ22 ዓመት ውስጥ ስንት ኸሊፋ ነገሠ ብሎ ጠየቀ። አንዱ ዘጠኝ አለ፣ አንዱ አስር። ልዩነቱ አራተኛው አብዱራህማን፣ አል-ሙርተዳ፣ ይቆጠር አይቆጠር ነው። እሱ በምሥራቁ አገር ኸሊፋ ተባለ እንጂ ኮርዶባን ሳይረግጥ ግራናዳ አጠገብ የገዛ ወዳጆቹ ከድተውት ቀረ። እኔ እቆጥረዋለሁ። ሰባት ከኡመያ፣ ሦስት ከሐሙዲዶች።

ቁጥር 29 ገዳዩስ የት ደረሰ አለ። ቁጥር 30 መለሰለት። ሙሐመድ ሦስተኛ አል-ሙስታክፊ ይባላል። ዋና ወዚሩ አሕመድ ኢብን ኻሊድ የሚባል ሸማኔ ነበር። ሰውየው በመብልና በመጠጥ የታወቀ ነው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ በወጉ ሳይገዛ በ1025 የሴት ልብስ ለብሶ፣ ፊቱን ተሸፍኖ፣ ከከተማው ሾልኮ ወጣ። መንገድ ላይ በመርዝ ሞተ። ቁጥር 31 ሸማኔ ወዚር መሆኑን እንደ ውርደት ማቅረብ ምን ይሉታል ብሎ ተቆጣ። እኛ አገር የሸማኔን ልጅ ሲንቁ አድጎ አይቷል፣ ለብሰውት እየሄዱ ነው የሚንቁት። ያንን የጻፉት የኮርዶባ ባላባቶችና የጸሐፊ ልጆች ናቸው፣ ዓይናቸውን ልንዋስ አይገባም አለ። ቁጥር 30 ይቅርታ ጠይቆ ሸማኔውን ሳይሆን ኸሊፋውን ለማማት እንደነበር አስረዳ።

እግረ መንገድ አንዷ የሙሐመድ ሦስተኛ ልጅ ወላዳ መሆኗን አነሣች። ልብሷ ላይ የራሷን ግጥም ያስጠለፈች፣ ገጣሚውን ኢብን ዘይዱንን ያሳበደች ሴት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት መልስ ሁሉም ስለሷ ብቻ ነው ያወራው፣ እኔ ስለሌላ ሰው ክር ከፍቼ። ተውኳቸው። ከአባቷ ይልቅ የሚወራላት እሷው ናት።

ቁጥር 33 ክሩን ወደ ጥያቄዬ መለሰው፣ በጥሩ ቢላ። ይህን ልጅ ጎበዝ፣ ለስላሳ፣ ምስኪን አድርገን የምናውቀው ማን ነግሮን ነው? ወዚሮቹ እነማን ነበሩ? ኢብን ሐዝምና ኢብን ሹሀይድ። ሁለቱም በዘመኑ ብዕራቸው የሚፈራ ሰዎች፣ ሁለቱም ገና በ30 ዓመት አካባቢ ያሉ። ታሪኩን የመዘገበው ኢብን ሐያን ደግሞ የዚያው ክበብ ሰው፣ አባቱም የአል-መንሱር ጸሐፊ የነበረ። ቆይቶ ቢገዛ ኖሮ እሱም ግብር ያበዛ፣ ጠላት ያሳድድ፣ ሰው ያርድ ነበር። የ47 ቀን ኸሊፋ ክፉ የሚሆንበት ጊዜ አላገኘም። በአንጻሩ ሐሙዲዶቹ በኮርዶባ እንዲህ የሚያለቅስላቸው ጸሐፊ አልነበራቸውም። ይህን ሳነብ ትንሽ ጎረበጠኝ፣ ግን መልስ የለኝም።

ቁጥር 34 ለኢብን ሐዝም ጥብቅና ቆመ። ሰውየው ለልጁ ሲል ታስሯል። ከዚያ ወዲህ ፖለቲካውን እየተወ ወደ ትምህርቱ ያዘነበለ ነው፣ እንደ ካድሬ አይታይም። ቢዋሽ የሚጠቀመው ነገር አልነበረም። ቁጥር 33 ተመልሶ መጣና የታሰረ ሰው ያሳሰረውን ጌታ በክፉ አያነሣም፣ የራሱ ሥቃይ ከንቱ ይሆንበታላ አለ። ጉዳዩ እዚያ ላይ ቆመ። ሁለቱም ስልክ ቁጥራቸውን ተለዋውጠው በሌላ ቦታ እንደቀጠሉበት ሰምቻለሁ።

ቁጥር 35 ጋሽዬ የምንላቸው አዛውንት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር። ለቁጥር 11 ጥያቄዬ የመለሱልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። በሱ ቦታ ምን ይደረግ ነበር ከማለት ከሱ በኋላ የተደረገውን ማየት ይበቃል አሉ። በ1031 የኮርዶባ ሰዎች የመጨረሻውን ኸሊፋ ሂሻም ሦስተኛን አውርደው ኸሊፋነቱን ጭራሽ ሰረዙት። ከተማዋን አቡ አል-ሐዝም ኢብን ጀህወር በሹማምንት ጉባኤ ይመራት ጀመር። ሰውየው ቤተ መንግሥት አልገባም፣ ቤቱ ነው የቀረው። ጦርን በተመለከተ ከበርበርም፣ ከካስቲያም አልለመነም። መሣሪያውን ለገበያው ሰው አደለ፣ ባለ ሱቁ በሱቁና በቤቱ አስቀምጦ ሌሊት ጩኸት ሲሰማ ይዞ እንዲወጣ። የመንግሥቱንም ገንዘብ ለነጋዴዎቹ በብድር ሰጠ፣ ትርፉ የነሱ ሆኖ ዋናው እንዲጠበቅ። ስለዚህ ከተማው ሲዘረፍ የሚጎዳው ራሱ ጠባቂው ሆነ።

እኔ ወጥመድ ያልኩት ነገር የተፈታው እንዲህ ነው። ልጁ መስጊድ ሲገባ ከኋላው የነበሩት ያው የከተማ ሠራተኞች መሆናቸው ነው የሚቆጨኝ። በዲሴምበር ያነገሡት እጆች በጃንዋሪ ምድጃውን ፈተሹ። በመሀሉ ኸሊፋው ደጃፉ ላይ ያሉትን ትቶ ፈረሰኛ ቀጠረ። ጊዜ ቢሰጠው ወደ ኢብን ጀህወር መንገድ ይደርስ ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ፣ አጠገቡ ያን ማሰብ የሚችል ሰው ነበረው። ቁጥር 9 ይህን አንብቦ ሳይጨርስ ሳቀብኝ።

ቁጥር 36 ጋሽዬን አክብሮ፣ ግን ኮርዶባ ከዚያ በኋላ ትንሽ ከተማ ሆና ነው የቀረችው፣ የጀህወሮቹም ዘመን 40 ዓመት አልሞላም፣ በ1070 ሴቪያ ዋጠቻት አለ። ጋሽዬ በቁጥር 37 መልስ ሰጡ፦ ከ22 ዓመት እልቂት በኋላ 39 ዓመት ሰላም ለሚኖርበት ሰው ትንሽ አይደለም፣ ልጆች ወልዶ የሚያሳድግበት ዕድሜ ነው። ቁጥር 38 የኢብን ሐያንን ጽሑፍ የሚያውቅ ካለ ስለ ኢብን ጀህወር የገበያ ጦር ዘርዘር አድርጎ እንዲጽፍ ጠይቋል። እስካሁን የመለሰ የለም፣ የምትችሉ ከዚህ በታች ቀጥሉ።